የተራበውን በገዛ እጁ ያበላ አባት፤ የታላቁ ሊቅ የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ሕይወትና የርኅራኄ ሥራ

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ መጨረሻው ፍርድ ባስተማረ ጊዜ፣ በቀኝ የሚቆሙትንና በግራ የሚቆሙትን የሚለያቸው ምን እንደ ሆነ በግልጥ አስታውቆናል። በዚያች ቀን የሚጠየቀው ስለ ተራበና ስለ ተጠማ፣ ስለ ታረዘና ስለ ታመመ፣ ስለ እንግዳና ስለ እስረኛ ነው። ይህን ትምህርት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ በቃላችን የያዝነውም ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ ቅዳሴው ተፈጽሞ ስንወጣ በደጀ ሰላሙ የተቀመጠውን ችግረኛ ስናይ ልባችን ለጥቂት ጊዜ ያዝናል፤ እጃችንም አንዲት ሳንቲም ትዘረጋለች፤ ከቤታችን ሳንደርስ ግን ነገሩን ረስተነዋል። ማዘናችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐዘናችን ብቻውን የተራበውን አያጠግበውም፤ የታረዘውንም አያለብሰውም።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ርኅራኄ ከልብ ተነሥቶ ወደ እጅ፣ ከእጅም አልፎ ወደ ጸና ሥርዓት እንዴት እንደሚደርስ በኑሮው ያሳየንን አንድ አባት ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። ይኸውም የቀጰዶቅያ ቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አባት በሚገባ ታውቀዋለች። በስሙ የተጠራው ቅዳሴ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ ስለ ሃይማኖት የተናገረውም በሃይማኖተ አበው ይነበባል፤ ዕረፍቱንም ጥር 6 ቀን፣ ከጌታችን የግዝረት በዓል ጋር፣ በስንክሳር እናስባለን። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ከአርዮሳውያን ጋር የተከራከረ ሊቅ መሆኑን ነው እንጂ፣ ማበሻ ጨርቅ አገልድሞ ለረኀብተኞች ወጥ ያወጣ አገልጋይ መሆኑን አይደለም። እኛም በይበልጥ የምንተርከው ይህን ነው። በታሪኩ ውስጥ የምንጠቅሳቸውን ዓመታት የቈጠርናቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ቅዱስ ባስልዮስ የተወለደው በ330 ዓ.ም. ገደማ ነው። አገሩ ቀጰዶቅያ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ምድር ውስጥ ያለ ደጋ አገር ሲሆን፣ ከተማዋ ቂሣርያም በአሁኑ ጊዜ ካይሴሪ ትባላለች። ቤተ ሰቡ በሀብትም በሃይማኖትም የታወቀ ነበር። የአባቱ እናት ማክሪና ከባልዋ ጋር በስደቱ ዘመን ሃይማኖታቸውን አንክድም ብለው፣ በጳንጦስ ዱር ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ተሰደው ኖረዋል። የእናቱ አባት ደግሞ በዚያው የስደት ዘመን ስለ ሃይማኖቱ ተገድሎአል፤ ርስቱም ተወርሶአል። አባቱ እርሱም ባስልዮስ የሚባል፣ የአነጋገር ጥበብ መምህር ነበር። እናቱ ኤሜልያ ትባላለች። የቤተ ሰቡ ርስት በሦስት ክፍላተ ሀገር ተበታትኖ ስለ ነበረ ግብር የሚከፍሉት ለሦስት ገዥዎች ነበር ይባላል። እንግዲህ ባስልዮስ ድህነትን በራሱ ኑሮ ቀምሶ ያደገ ልጅ አልነበረም፤ ለድሆች የራራው የራሱን የልጅነት ረኀብ አስታውሶ አይደለም ማለት ነው።

ከዚህ ቤት የወጡት ልጆች ብዙዎቹ ለቤተ ክርስቲያን ብርሃን ሆነዋል። ታላቅ እኅቱ እንደ አያቷ ማክሪና ተብላ በድንግልና ኖራለች። ወንድሙ ጎርጎርዮስ የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ፣ ታናሹ ጴጥሮስም የሰባስጥያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለታሪካችን የሚጠቅመው ናውክራጥዮስ የተባለው ወንድሙ ነው። ይህ ወጣት በመልክም በትምህርትም የተመሰገነ ሲሆን የዓለምን ክብር ትቶ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ዱር ገባ። በዚያም አቅም ያነሳቸውንና ድሆች የሆኑትን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ በገዛ እጁ እያደነ ይመግባቸው ነበር። አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ሲያገለግል ከኖረ በኋላ፣ በ357 ዓ.ም. ገደማ ለእነዚያ ሽማግሌዎች ምግብ ፍለጋ እንደ ወጣ ሞተ። ታሪክ ስለ ናውክራጥዮስ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በኋላ ታላቁ ወንድሙ በሺሕ ለሚቈጠር ሕዝብ ያደረገውን እርሱ አስቀድሞ ለጥቂት ሽማግሌዎች አድርጎት ነበር።

ትምህርቱና ወደ እግዚአብሔር መመለሱ

ባስልዮስ በመጀመሪያ ከአባቱ፣ ቀጥሎም በቂሣርያና በቊስጥንጥንያ ተማረ። ከዚያም የጥበብ ምንጭ ትባል ወደ ነበረችው ወደ አቴና ወረደ። በዚያ ከአገሩ ሰው ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋር በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ መንገድ እንደማያውቁ ሰዎች ሆነው ተማሩ። በኋላ ነግሦ ሃይማኖቱን የካደው ዮልያኖስም በ355 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ተማሪ ነበር። አንድ ዓይነት መምህራንና አንድ ዓይነት መጻሕፍት ሰዎችን ወደ ተለያየ መንገድ እንዲወስዱ ከዚህ እንማራለን።

ባስልዮስ ትምህርቱን ፈጽሞ በ356 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በክብር ተቀበለው፤ እርሱም የአነጋገር ጥበብን ማስተማር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ልቡ በዕውቀቱ ታበየ። የአገሩን ሹማምንት ሁሉ መናቅ ጀምሮ እንደ ነበረ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ራሱ ሳይሸሽግ ጽፎልናል። ያን ጊዜ እኅቱ ማክሪና ገሠጸችው። የናውክራጥዮስም ሞት በዚያው ወራት ስለ ደረሰ ልቡ ተሰበረ፤ ከረጅም እንቅልፍም እንደ ነቃ ሰው ሆነ። ስለዚህ የመምህርነቱን ክብር ትቶ ተጠመቀ። ቀጥሎም የመነኮሳትን ኑሮ ሊያይ ወደ ግብጽ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ሄደ።

ከዚህ ጉዞ ተመልሶ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በአኔሲ ተቀመጠ፤ ከሀብቱም ብዙውን ለድሆች አከፋፈለ። ስለ ምንኵስና ያወጣውም ሥርዓት ከርኅራኄ ትምህርቱ የተለየ አልነበረም። ብቻውን በዋሻ የሚኖር መናኝ ትዕግሥቱን የሚፈትንለት፣ እግሩን የሚያጥብለት፣ የሚታመምበትና የሚያስታምመው ወንድም የለውም፤ ስለዚህ በማኅበር መኖር ይሻላል ብሎ አስተማረ። ገዳሙም ከሰው ችግር የሚሸሹበት ሳይሆን የሰውን ችግር ለመሸከም የሚበረቱበት ቦታ እንዲሆን ፈለገ። በዚህ ሐሳብ ጸሎትና ሥራ፣ ጾምና ምጽዋት የተያያዙ ናቸው። መነኵሴው በእጁ የሚሠራው ራሱ ይበላ ዘንድ ብቻ ሳይሆን ለሌለው ይተርፍ ዘንድ ነው።

የረኀቡ ዘመን

ባስልዮስ በቂሣርያ ቅስና ተሹሞ ሊቀ ጳጳሱን አውሳብዮስን በሚረዳበት ጊዜ፣ በ368 እና በ369 ዓ.ም. በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኀብ ሆነ። የብርዱ ወራት ምድርን የሚያርስ በረዶም ዝናምም ሳይሰጥ በደረቅ ውርጭ አለፈ። የዘር ወራት ሲደርስም ሙቀት ብቻ መጣ። ሰማዩ ደመና አጥቶ ተራቈተ፤ ምድር ተሰነጣጠቀች፤ ምንጮችም ነጠፉ። ታላላቅ የነበሩት ወንዞች ሕፃናት በእግራቸው የሚሻገሯቸው ሆኑ። ገበሬዎችም በደረቀው እርሻቸው ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸውን እያዩ ያለቅሱ ነበር።

ነገሩን የከፋ ያደረገው የአገሩ አቀማመጥ ነው። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች እህል ቢያጡ ያላቸውን ሰጥተው የሌላቸውን በመርከብ ያስመጣሉ። ቂሣርያ ግን ከባሕር የራቀች ስለሆነች እህል የሚመጣላት በጭነት ከብትና በሠረገላ፣ ብዙ ቀን በተራራ መንገድ ተጕዞ ነው። እንዲህ ባለ አገር ረኀብ በገባ ጊዜ፣ እህል ያለው ሰው የሕይወትና የሞት ጌታ ይሆናል። ባለ ጎተሮችና ነጋዴዎችም ይህን ዐወቁ። ዋጋው እስኪወጣ ድረስ እህላቸውን ይዘው ጎተራቸውን ቈለፉ። እንግዲህ በቂሣርያ የሞተው ሕዝብ በሰማይ መዘጋት ብቻ የሞተ አይደለም፤ በሰው ጎተራ መዘጋትም ነው እንጂ።

ይህን ስናነብ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። በእኛ አቈጣጠር በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ረኀብ ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ፣ የቀጰዶቅያን ገበሬ ፊት በልባቸው መሳል አያቅታቸውም።

በዚህ ጊዜ ባስልዮስ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያስተማራቸው ስብከቶች እስከ ዛሬ ድረስ ይገኛሉ። የተራበ ሰው እንዴት እንደሚሞት በዝርዝር አስረዳ፤ ሥጋው እንዴት እንደሚመነምን፣ ድምፁ እንዴት እንደሚሰልል፣ ጕልበቱ እንዴት እንደሚከዳው፣ ዓይኑ እንዴት እንደሚጎደጕድ ተናገረ። ሌላው አሟሟት ፈጥኖ ሲያልፍ ረኀብ ግን ሰውን ቀስ በቀስ የሚያሠቃይ መሆኑን አመለከተ። ይህንም ያደረገው ሰሚዎቹ የሚያልፉትን ረኀብተኛ ቆመው እንዲያዩት ነው፤ ማየትን የሚሸሽ ሰው መስጠትንም ይሸሻልና።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ልጁን ለመሸጥ ወደ ገበያ ስለሚወጣ አባት የተናገረው ነው። ያ አባት የቤቱን ዕቃ ሁሉ ጨርሶ የቀሩት ልጆቹ ብቻ ናቸው። ታላቁን እንዳይሸጥ በኵሩ ነው፤ ታናሹን እንዳይሸጥ ገና ምንም የማያውቅ ሕፃን ነው። አንዱ እናቱን ይመስላል፤ ሌላው ለትምህርት የተዘጋጀ ነው። ሁሉን ይዞ ቢቀመጥ ሁሉም በረኀብ ይሞታሉ፤ አንዱን ቢሸጥ ደግሞ የቀሩትን በምን ዓይን ያያቸዋል? በልጁ ዋጋ የተገዛውን እንጀራስ እንዴት ይጐርሳል? በመጨረሻ እያለቀሰ ልጁን ይዞ ሲመጣ፣ እህል ያለው ሰው አላዘነለትም፤ ይልቁንም ዋጋ እንዲቀንስ ይከራከረዋል። ባስልዮስ ይህን ሲናገር በፊቱ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ እንደዚህ ያለውን ገበያ የሚያውቁ ነበሩ።

የሰዎችንም ምክንያት አንድ በአንድ አነሣ። ባለጠጋው የማከማቸው ለልጆቼ ነው ቢል፣ ልጆችን የሚያሳድግ እግዚአብሔር መሆኑን አስታወሰው። ሌላው በሕይወቴ ሳለሁ ልጠቀምበትና ስሞት ለድሆች ይሰጥልኝ ብሎ ቢናዘዝ፣ ሞት ከእጁ የነጠቀውን ገንዘብ የሰጠሁት እኔ ነኝ ማለት እንደማይችል ነገረው። ይህ ቃል በተዝካር ብዙ ደግሰን በሕይወት ሳለን ግን ጎረቤታችንን የምንረሳውን እኛንም ይነካናል። ድሀውም ቢሆን ከዚህ ትምህርት ነጻ አልወጣም። በቤቱ አንድ እንጀራ ብቻ የቀረችው ሰው እንኳ ከእርሱ የባሰ በደጁ ቢቆም ከዚያችው እንዲያካፍል ባስልዮስ አስተምሮአል። በወለድ የሚያበድሩትንም በጽኑ ገሥጾአል፤ በችግረኛ ዕንባ ላይ ትርፍ መቍጠር ከክርስቲያን እንደማይጠበቅ ተናግሮአል። ከሚያስፈልገን በላይ በሣጥናችንና በጎተራችን ያኖርነው ነገር የእኛ ሳይሆን የሌላው ድርሻ መሆኑንም አስተምሮአል።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ድርቁ ምሕላ በታወጀ ጊዜ ወንዶቹ በንግዳቸው ተጠምደው ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ጥቂቶች ነበሩ። የመጡትም እያዛጉ ጸሎቱ የሚያልቅበትን ይጠብቁ ነበር። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሕፃናት ነበሩ፤ እነርሱም እንደ በዓል ቀን ደስ ብሎአቸው መጡ። ባስልዮስም በደሉን የሠሩት ታላላቆቹ ሆነው ሳለ፣ ስለ በደሉ እንዲጸልዩ ምንም የማያውቁትን ሕፃናት መላካቸውን ነቀፈ።

ነገር ግን ባስልዮስ ተናግሮ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ከእናቱ በወረሰው ርስት ላይ እጁን ጫነ፤ እርሱን ሸጦ እህል ገዛ። ከዚህ በኋላ ነው ባለጠጎቹን ጎተራችሁን ክፈቱ ያላቸው፤ እነርሱም ሰሙት። ለምን ሰሙት ብንል፣ ቃሉ ያማረ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቃቸውን ነገር አስቀድሞ በራሱ ስለ ፈጸመ ነው እንጂ።

እህሉ በተገኘ ጊዜ ረኀብተኞቹን ሁሉ በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ገና ጥቂት ትንፋሽ የቀራቸውም ሳይቀሩ መጡ። በታላላቅ ብረት ድስት የጥራጥሬ ወጥ አስቀቀለ፤ በጨው ተጠብቆ የቆየ መብልም አስመጣ። ከዚያ በኋላ በአቴና የተማረው፣ የባለጠጋ ልጅ የሆነው ባስልዮስ፣ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ እንዳደረገው ማበሻ ጨርቅ አገልድሞ፣ ከአገልጋዮቹ ጋር ሆኖ በእጁ አበላቸው። እንዲህ ሲያደርግ ማን ምን ሃይማኖት እንዳለው አልጠየቀም። የአይሁድ ልጆች እንኳ ከክርስቲያኖቹ ልጆች ጋር እኩል እንደ ተመገቡ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ጽፎአል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ነገሩን ከዮሴፍ ሥራ ጋር አነጻጽሮታል፤ ዮሴፍ በግብጽ እህል ሲሸጥ ባስልዮስ ግን ያለ ዋጋ ሰጥቶአልና። እንደ ሙሴ መናን ከሰማይ ማውረድ አልተሰጠውም፤ ነገር ግን የተዘጋውን የሰው ልብ መክፈት ተሰጠው።

ሊቀ ጳጳስ መሆኑና የድሆች ከተማ

በ370 ዓ.ም. አውሳብዮስ ሲያርፍ ባስልዮስ በቂሣርያ መንበር ተቀመጠ። ሹመቱ የድሆችን ነገር አላስረሳውም። ረኀቡ ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ ወደ ቀድሞ ኑሮው በተመለሰ ነበር። ባስልዮስ ግን ረኀብ ቢያልፍ በሽታ እንደማያልፍ፣ በሽታም ቢድን እንግዳና መጻተኛ ከመንገድ እንደማይጠፋ አሰበ። ስለዚህ ከከተማዋ ውጭ ታላቅ የርኅራኄ መንደር ሠራ።

በዚህ መንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ የሊቀ ጳጳሱና የካህናቱ መኖሪያ፣ የእንግዶች ማረፊያ፣ የድሆች መጠለያና የሕሙማን ቤት ነበረበት። ሐኪሞችና አስታማሚዎች ተመድበውበት ነበር። መንገደኞችን የሚያደርሱ መሪዎችና የጭነት ከብቶችም ነበሩ። ከዚህም ጋር ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሥራዎች የሚሠሩባቸው ቤቶች ነበሩበት። ባስልዮስ ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስተምሮአል፤ መድኃኒትን መናቅን እንደ ጽድቅ አልቈጠረውም። እርሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ በጕበት ሕመም የሚሠቃይ ስለ ነበረ የአልጋ ቍራኛ መሆንን ያውቅ ነበር።

ከሕሙማኑም መካከል ሥጋ ደዌ የያዛቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በዚያን ዘመን ከከተማና ከቤት፣ ከገበያና ከውኃ መቅጃ ይባረሩ ነበር፤ ከደዌያቸው ይልቅ ስማቸው የታወቀ ስላልነበረ የገዛ ወገኖቻቸው እንኳ አይጠሯቸውም ነበር። ባስልዮስ ግን እንደ ወንድሞች ተቀበላቸው፤ ቍስላቸውን አልተጸየፈም፤ ሰላምታም ሲሰጣቸው ይስማቸው ነበር። ዛሬ ይህ ደዌ መድኃኒት ተገኝቶለታል፤ በጊዜው የታከመ ሰው ፈጽሞ ይድናል። ነገር ግን ሰው ከሰው የሚሸሽበት ፍርሃት መድኃኒቱ በፋርማሲ አይገኝም፤ ያ መድኃኒት ባስልዮስ በከንፈሩ የሰጠው ነው።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ሳይነቀፍ አልቀረም። በ372 ዓ.ም. ገደማ አንዳንዶች ይህ ሕንጻ መንግሥትን የሚጎዳ ነው ብለው በአገረ ገዥው በኤልያስ ዘንድ ከሰሱት። ባስልዮስም ለገዥው በጻፈው ደብዳቤ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለታመመም መታከሚያ መሥራት ማንን እንደሚጎዳ በትሕትና ጠየቀ። ሕንጻው ለአገሩ ጌጥ፣ ለገዥውም ክብር መሆኑን አስረዳ። በገጠርም የድሆች ቤቶች እንዲኖሩ አድርጎ ነበርና፣ እነዚያን ቤቶች ከግብር ነጻ እንዲያደርጓቸው ለግብር ሹማምንት ጻፈ። በጦሮስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች በሚያወጡት ብረት ላይ የተጣለባቸው ግብር በከበደባቸው ጊዜም እንዲቀነስላቸው ማለደ። ርኅራኄ ለእርሱ ወጥ ማውጣት ብቻ አልነበረም፤ ድሀውን በሹም ፊት ወክሎ ብዕር ማንሣትም ነበር። ያ መንደር ከዕረፍቱ በኋላም በስሙ ባስልያስ ተብሎ ሲጠራ ኖረ።

በመኳንንት ፊት

ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌንስ የአርዮስን ትምህርት ይደግፍ ስለ ነበረ፣ ባስልዮስን ለማስፈራራት ሞዴስጦስ የተባለውን ታላቅ ሹም ላከበት። ሹሙም ሀብትህን እወርሳለሁ፣ እሰድድሃለሁ፣ አሠቃይሃለሁ፣ እገድልሃለሁ ብሎ ዛተ። ባስልዮስ ግን የሚወረስ ነገር ከጥቂት መጻሕፍትና ከአሮጌ ልብስ በቀር እንደሌለው፣ ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ስለሆነች ስደት እንደማያስፈራው፣ ሥጋው ደካማ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ምት እንደሚወድቅ፣ ሞትም ወደሚወደው ጌታ እንደሚያደርሰው መለሰለት። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድሞ ለድሆች የሰጠ ሰው የሚፈራው ነገር አይኖርም። በ372 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል ዋሌንስ ራሱ ወደ ቂሣርያ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሕዝቡን ዝማሬና የባስልዮስን ጽናት ባየ ጊዜ ደነገጠ። በሃይማኖት ሳይስማሙም፣ ንጉሡ ባስልዮስ ለሚረዳቸው ድሆች መሬት እንደ ሰጠ ይነገራል።

ስለ ቅዱሳን ስንጽፍ ድካማቸውን መደበቅ አይገባንም። ባስልዮስ በዚያው ዓመት ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል፣ አቧራና የሠረገላ ጩኸት በማይለያት የመንገድ መንደር ላይ፣ ወዳጁ ሳይወድድ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስም በዚህ እጅግ አዘነ፤ ሐዘኑም ብዙ ጊዜ ቆየ። ለማያውቃቸው ሕሙማን ያን ያህል የራራ ሰው የቅርብ ወዳጁን ልብ አቍስሎአል። ይህም እኛን ያስተምረናል፤ ለሩቁ መራራት አንዳንድ ጊዜ ለቅርቡ ከመራራት ይልቅ ይቀላልና። ይሁን እንጂ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ከሁሉ የበለጠውን ምስጋና የጻፈለት ያው ያዘነበት ወዳጁ ነው።

ዕረፍቱ

ቅዱስ ባስልዮስ በደዌና በድካም ሰውነቱ ተሰብሮ፣ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ379 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፈ። በቀብሩ ቀን አደባባዩ፣ መንገዱና ሰገነቱ ሁሉ በሰው ተሞላ። አይሁድና አረማውያንም ከክርስቲያኖች ጋር አለቀሱለት። ሁሉም አስከሬኑን ለመንካት ስለ ተሻማ በግፊያው የሞቱ ሰዎች እንኳ ነበሩ። ለመታሰቢያው ሐውልት የሚያቆም ሀብት አልተወም፤ በከተማው ዳር በሽተኞች የተኙበት መንደር ግን ቆሞ ነበር።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ይህን ታሪክ አንብበን አድንቀን ብቻ ብናልፍ አልተጠቀምንም። በመጀመሪያ፣ ባስልዮስ ሌላውን ስጥ ከማለቱ በፊት ራሱ መስጠቱን እናስተውል። እኛ ብዙ ጊዜ ስለ ባለጠጎች ስስት እንናገራለን፤ የየራሳችንን ሣጥን ግን አንከፍትም። ባለን መጠን እንሰጣለን እንጂ ከሌለን አንጠየቅም፤ ባስልዮስም ባለ አንዲት እንጀራውን ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ረኀቡን የሚያበዛውን የሰው ክፋት በስሙ ጠርቶታል። እህል በሚወደድበት ጊዜ ይበልጥ እስኪወደድ ድረስ የሚደብቅ ነጋዴ፣ በችግረኛ ላይ አራጣ የሚቈጥር አበዳሪ፣ በሰንበት ቆሞ ቢያስቀድስም ከድሀው እንጀራ እየበላ መሆኑን ይወቅ። ይህን ያደረገ ሰው ከትርፉ ለቤተ ክርስቲያን ጥላና መጋረጃ ቢሰጥ፣ በዚህ በደሉ የተሸፈነለት አይምሰለው። አስቀድሞ ጎተራውን ይክፈት።

ሦስተኛ፣ የባስልዮስ ርኅራኄ የአንድ ቀን አልነበረም። በረኀቡ ወራት ወጥ አወጣ፤ ረኀቡ ሲያልፍ ግን ቤት ሠራ፤ ሐኪም ቀጠረ፤ ሥርዓት አቆመ። እኛም በየደብራችን ጽዋና ሰንበቴ አለን፤ በየሰፈራችንም ዕድርና ማኅበር አለን። እነዚህ ለመብላትና ለመጠጣት፣ ሙትንም ለመቅበር ብቻ እንዲሆኑ ማን አዘዘን? አንድ ማኅበር በሰፈሩ ያለችውን አንዲት መበለት ወይም አንድ አስታማሚ ያጣ በሽተኛ ተመድቦ ቢይዝ፣ በየወሩ ከሚጠጣው ጽዋ ጋር የዚያን ሰው ጉዳይ ቢነጋገርበት፣ በደጀ ሰላሙ እጁን የሚዘረጋው ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀንስ እንደ ሆነ ፈትነን እንየው።

በመጨረሻም፣ ጥር 6 ቀን የባስልዮስ ስም በስንክሳር ሲነበብ፣ እያንዳንዳችን በዚያች ቀን አንድ ችግረኛ ቤት ሄደን በገዛ እጃችን እንድናበላው እንለምናለን። ገንዘብ መላክ ይቻላል፤ ሰው መላክም ይቻላል፤ ባስልዮስ ግን ራሱ ሄደ። ተርቦ ያየነው ወንድማችን በመጨረሻው ፍርድ ቀን ስለ እኛ የሚመሰክር ነውና፣ ዛሬ ፊቱን እንወቀው።

የአባታችን የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።